ትኩስ ሳይክል

1.

ከሾላው ዛፍ ሳትደርስ ሞተሩን አጥፋ።

ፔዳሉን እርገጥ። እንደሚለፋ ሰው ተንፍስ፤ ላብ ባይኖርህም ግንባርህን ጥረግ። ትራፊኳን አትያት። ግን ሆን ብለህ እንዳላየሃትም አትምሰል። አደባባዩን ዙር። ዳቦ ቤቱን ስታልፍ አስነሳ።

በከተማችን ሳይክሉ ላይ ሞተር ያስገጠመ ሰው ሁሉ በዚህ ዓይነት ነው የሚያልፈው። ያስተማረን የለም። ዶሮ ጭልፊት ስታይ ጎመን ሥር እንድትገባ ማን ያስተምራታል?

ሞተሩ ከጠፋ ሳይክል ነው። ሳይክል ደግሞ ወረቀት አይጠየቅም።

ብለን ነበር።


2.

ፖሊስ ጣቢያ ቅጽ ሰጡኝ። "የተገልጋይ አስተያየት መስጫ" ይላል። የእርስዎ ስም። ቀበሌ። አገልግሎት የሰጠዎት ባለሙያ ስም። ከዚያ "ስለ ባለሙያው ያለዎት አስተያየት" ይልና ከሥሩ ሦስት መስመር አለ።

ሦስት መስመር ለሌባ ይበቃል። ለትራፊኳ ለሳጅን ባንቺአምላክ አይበቃም።

ስለዚህ የሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝቼ ይሄን ጀመርኩ። ቁጥር ያደረግሁበት እንዳይምታታብኝ ነው። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ቢሆንም ከቁጥር ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ዓሣ ነጋዴ ነኝ።


3.

አንጓች እባላለሁ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።

ጎህ ሲቀድ ታንኳዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እረከባለሁ፤ ካለ አምባዛም። እዚያው ድንጋይ ላይ አጥንቱን ለይቼ ፊሌቶ አወጣለሁ። ከዚያ በሳይክል ለዓሣ ቤቶች አደርሳለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ሴቱም ወንዱም ሳይክል ላይ ነው የሚያድገው። ሃያ ሁለት ዓመት ረገጥኩ።

ከዚያ ቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሐኪሙ "ዕረፍት" አለኝ። ዓሣ ዕረፍት አያውቅም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ ታገማዋለች።

ዓለምነው የሚባል ሳይክል ጠጋኝ አለ። ከአንድ የተዘጋ ሎጅ ጓሮ የሳር ማጨጃ ሞተር ገዝቶ ከኋላ ጎማዬ ጋር በሰንሰለት አገናኘልኝ። "እስካሁን ሳር ሲያጭድ ኖረ፣ ከእንግዲህ መንገድ ያጭዳል" አለኝ። እውነትም አጨደ። አርባ ደቂቃ የነበረው መንገድ አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። ጉልበቴ በሃያ ሁለት ዓመቱ ተመርቆ ጡረታ ወጣ።

አራት ወር ብቻ።


4.

የተያዝኩ ቀን ሳይክሌ ላይ የነበረው፦

ፊሌቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ቅርጫት

በረዶ፣ ግማሹ ውኃ የሆነ

ቢላዋ

የጉልበት ቅባት

መንጃ ፈቃድ፣ የለም

ሰሌዳ፣ የለም

ኢንሹራንስ፣ የለም

ሄልሜት፣ በሄልሜት ፋንታ ሻሽ


5.

ቦታው አደባባዩ ነው። ጊዜው መስከረም መጨረሻ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል። የተባባልነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፈው፤ እኔን የሚያሳፍረኝም ሳይቀር።

ሳጅን፦ እንደምን አደሩ፣ እናት።

እኔ፦ እናትሽ ነኝ እንዴ? አርባ ሰባት ነው ዕድሜዬ።

ሳጅን፦ እንደምን አደሩ፣ እትዬ።

እኔ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓሣው ይበላሽብኛል።

ሳጅን፦ ይሄ ምንድን ነው?

እኔ፦ ሳይክል።

ሳጅን፦ ከኋላ ያለውስ?

እኔ፦ እሱ ጠፍቷል።

ሳጅን፦ ስለጠፋ የለም ማለት ነው?

እኔ፦ እየረገጥኩ ስመጣ አላየሽም?

ሳጅን፦ አይቻለሁ። በደንብ ይረግጣሉ።

ይሄን ብላ ነጩን ጓንቷን ከቀኝ እጇ አወለቀች። ጎንበስ አለችና የእጇን ጀርባ ሞተሩ ላይ አደረገች። የታመመ ሕፃን ግንባር እንዴት ነው የሚነካው? እንደዚያ።

ሳጅን፦ ይሄ ሳይክል ትኩሳት አለው።

ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች መሪያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። አንደኛው "ጸበል ይወሰድ" አለ።

እኔ፦ ሌሎቹስ? በቀን ሃያ ሰው እንዲህ አድርጎ ያልፍሻል።

ሳጅን፦ አውቃለሁ። አንድ በአንድ ነው የምይዘው። ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው።


6.

የቅጣት ወረቀት ስትጽፍ አይቻት አላውቅም ነበር። እጅግ ዘገምተኛ ናት።

"የተሽከርካሪው ዓይነት" የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። በረዶዬ ይንጠባጠባል። እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ሳይክሉን ትዞረዋለች።

"ሞተር ሳይክል በይና ጨርሺው እንጂ" አላት ያ ባለ ጸበሉ ሾፌር።

"ሞተር ሳይክል አይደለም።"

"እና ሳይክል በያ።"

"ሳይክልም አይደለም።"

ጽፋ፣ ማኅተም ካለበት ጥራዟ ቀድዳ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ የሳር ማጨጃ ሞተር የተገጠመለት ሳይክል። ፔዳሉ ይሠራል። ሞተሩ ሲነካ ትኩስ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፖሊስ ሲጽፍ ጣል የሚያደርገው ነገር አይጠፋም ብዬ ነው። አንድ የውሸት ቃል ብታገኝልኝ ስድቤ ተዘጋጅቶ ነበር።

የለም።*

* ወረቀቱን ልቀደው ብዬ ነበር። ተናድጄ ስለነበር መቅደድም አልቻልኩ፤ በፊሌቶ ላስቲክ ጠቅልዬ ከጉልበት ቅባቴ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ወረቀቱን አንተም አትጣለው። እመለስበታለሁ።


7.

ሳጅን ባንቺአምላክ ምርጫ ሰጠችኝ። ሞተሩን አስፈትቼ ሳይክሉን መውሰድ፤ ወይም ሁለቱንም ጣቢያ ትቼ በእግሬ መሄድ። መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ሳወጣ ሞተሩን መልሼ መግጠም እችላለሁ።

ዓለምነው መፍቻውን ይዞ መጣ። ሞተሩን ፈትቶ እንደ ሬሳ በጨርቅ ጠቀለለው።

የዚያን ቀን ደንበኛዬ አቶ ሰጠኝ ጋ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። ትልቁን ዓሣ ቤት የያዘ ሰው ነው፤ ከማወጣው ፊሌቶ ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። ላስቲኩን ከፈተ፣ አሸተተ፣ መለሰልኝ።

"አንጓች፣ ፊትሽን አይቼ ነው ዛሬን ዝም ያልኩሽ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንዲህ ሆነሽ አትምጪብኝ። በጾም ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ እዚህ ነው የሚያርፈው። ባለ ፒክአፑ ዓሣ ነጋዴ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አደርሳለሁ ብሎኛል።"

"እኔ አንድ ሰዓት ላይ አደርሳለሁ።"

"በየትኛው ጉልበትሽ?"

እስከ ጾም መግቢያ አምስት ወር ነበረኝ። ጾሙ ሲገባ ሰሌዳ ከሌለኝ አቶ ሰጠኝን አጣለሁ። አቶ ሰጠኝን ካጣሁ ታንኳዎቹ ዓሣቸውን ለሌላ ያስረክባሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩትም፤ አልወደድኩትማ።


8.

ጥያቄ

በማግስቱ ሞተር በሌለው ሳይክል፣ በሚጮህ ጉልበት፣ አደባባዩ ላይ ደረስኩ። እጇን አነሣች። አሁን ደግሞ ምን ፈለገች ብዬ ቆምኩ።

"ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን፣ ዳሩ ቀይ። ምን ማለት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ቅድሚያ ስጥ። ነገ እጠይቅዎታለሁ። ይለፉ።"

ጥያቄ

"ሦስት ማዕዘኑስ?"

"ቅድሚያ ስጥ። ለእኔ ግን የሚሰጠኝ የለም።"

"አደባባይ ሲገቡ ቅድሚያ የማን ነው?"

"የገፊው።"

"ውስጥ ያለው ሰው ነው። ይለፉ።"

ጥያቄ

"ስምንት ማዕዘን፣ ቀይ?"

"ቁም። እሱንማ ፊደሉን አነበብኩት።"

"ማንበብ ይችላሉ?"

"እንደ ጉልበቴ ነው። ይሄዳል፣ ግን ያቃስታል።"

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። አንድ ጥርሷ ከሌሎቹ ትንሽ ወጣ ይላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

ጥያቄ

ጥያቄ

ጥያቄ

ጥቅምት እንዲህ አለቀ። በቀን አንድ ጥያቄ፤ ዝናብ ጥሎ የዝናብ ልብሷ ሲያንጠባጥብም አልቀረ። ሌላ ትራፊክ ተረኛ የሆነ ቀን ዝም ብዬ ሳልፍ የሆነ ነገር የጣልኩ ይመስለኝ ጀመር።


9.

ይሄን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። የሚያኮራኝ አይደለም።


10.

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባሁ። መዝጋቢው ከላይ እስከ ታች አየኝና "ለልጅሽ ነው?" አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ወረቀት ሰጥቶ አስነበበኝ። እያቃሰትኩ አነበብኩለት። መዘገበኝ።

በሞተር ሳይክል በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መሃል እየተጠማዘዝን እንድንወጣ ሲያደርጉን እግር መሬት ያወረደ ሁሉ ወደቀ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ቅርጫት ዓሣ ጭኜ በገበያ መሃል የነዳሁ ሴት ነኝ። ኮን አይሸሽም፣ አይሰድብም። እንደ ቅቤ ወጣሁለት።

የጽሑፉ ፈተና ኮምፒዩተር ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ተቀመጥኩ። ከሃምሳው ሠላሳ አራተኛው ላይ ስደርስ ስክሪኑ ጠፋ። ሰዓት አልቋል።

ወደቅሁ።

በማግስቱ ሳጅንን ላለማየት በሌላ መንገድ ልዞር ብዬ ነበር። ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

"ስንተኛው ላይ ደረሱ?"

"ሠላሳ አራት።"

"ከሠላሳ አራቱ ስንት አገኙ?"

"ሠላሳ ሦስት።"

መኪኖቹን አሳለፈች። ተመልሳ መጣች።

"እንግዲያው የጎደለዎት ሰዓት እንጂ ዕውቀት አይደለም።"


11.

ፈጥነህ ማንበብ ከፈለግህ፦

አደባባይ ላይ ሳይክልህን ይዘህ ቁም። ባጃጅ ሲገባ ጀርባውን እይ። እዚያ ጀርባው ላይ ያልተጻፈ የለም። ባጃጁ ዞሮ ሳይወጣ አንብበው።

"ቀን ሲጎድል" አልኩ በመጀመሪያው ቀን። ባጃጁ ሄደ።

"ቀን ሲጎድል ምን?" አለችኝ ሳጅን።

"ሄደብኝ።"

"ነገ ይመለሳል።"

በሳምንቱ "ቀን ሲጎድል ሰው ይለያል፣ ርቀትህን ጠብቅ" አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። ያ የጸበሉ ሾፌር ነበር ባለቤቱ። ከዚያ ወዲያ አውቆ አደባባዩን ቀስ ብሎ ይዞርልኝ ጀመር። ሳጅን ይሄን ስታይ "አንተ፣ ፈተናው ቀስ አይልላትም" ብላ አባረረችው።

ጥር ላይ ድጋሚ ተቀመጥኩ። ሃምሳውንም ጨርሼ ሰዓት ተረፈኝ። በተረፈኝ ሰዓት ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የማይጠየቀውንም ጽሑፍ አነበብኩ።

አለፍኩ።


9. (አሁን ልጻፈው)

ኅዳር መጀመሪያ ነው። ጉልበቴ አብጦ አምስት ቀን ሆኖታል። ከዕለቱ ዓሣ ትልቁን ቆሮሶ መርጬ በላስቲክ ጠቀለልኩና አደባባዩ ላይ አቀበልኳት።

"ለምንድን ነው?" አለችኝ።

"ለምሳሽ። እኔ ደግሞ ነገ ሞተሬን ላስገጥም ነው። ስታይኝ ዞር በይልኝ።"

አልጮኸችም። አልጻፈችብኝም። ዓሣውን ወስዳ የሳይክሌ መሪ ላይ አንጠለጠለችውና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ጥያቄ የለም። በሦስተኛው ቀን የለም። እጇን ታወዛውዛለች፣ እንደ ማንም አልፋለሁ። አባቴ በልጅነቴ ገርፎኛል፤ እንደዚያ ዝምታ ግን አላመመኝም።

በአራተኛው ቀን ራሴ ቆምኩ። "ጠይቂኝ" አልኳት።

አንድ ባጃጅ አሳለፈች።

"ትራፊክ ፖሊስ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ስታነሣ ምን ማለት ነው?"

"በሁሉም አቅጣጫ ያለ ይቁም ማለት ነው።"

"በሁሉም?"

"በሁሉም።"

"ይለፉ" አለችኝ። ሞተሩን አላስገጠምኩም።

ለምን እዚህ እንደጻፍኩት ልንገርህ። በቦታው ብጽፈው እኔን ትንቀኝና ማንበብ ትተው ነበር። አሁን መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ብትንቀኝም ግድ የለኝም።


12.

የካቲት። ጾሙ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

መንጃ ፈቃዴን ይዤ፣ ሄልሜት ገዝቼ፣ ዓለምነው ሞተሩን መልሶ ገጥሞልኝ፣ ሳይክሌን በሰው ፒክአፕ አስጭኜ ሰሌዳ ወደሚሰጡበት ሄድኩ። ሳልነዳው በፒክአፕ። እዚህ ላይ ዓለምነው "አንቺ ሴት፣ ምን አስነክተውሽ ነው?" ብሎኛል።

የተሽከርካሪ መርማሪው አቶ ቢያዝን ይባላል። የተከበረ፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሰው ነው። ቅጹን አወጣ።

"መኪና። ባጃጅ። ሞተር ሳይክል። ከእነዚህ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ አለብኝ። ሞተር ሳይክል ነው እንዳልል የፋብሪካ ቁጥር የለው፣ ፔዳል አለው። ይሄ ከሦስቱም አይደለም።"

"እና?"

"እናማ ቦታ የለውም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደሚረዳኝ ሆኖ ነው የነገረኝ። "ስሚኝ እህቴ። ሳይክል ነው በይና ያለ ሰሌዳ ሂጂ። ሁሉም እንደዚያ አይደል የሚያደርገው? ትራፊክ ስታዪ ታጠፊዋለሽ።"

አምስት ወር ሙሉ የፈለግሁት ይሄን ነበር። ሰው ሁሉ የሚያልፍበትን በር በአፉ ከፈተልኝ።

"አይሆንም" አልኩት።

"ለምን?"

"ትነካዋለች።"

አልገባውም። መነጽሩን አወለቀ። "እንግዲያው" አለ፣ "ይሄ ነገር ምን እንደሚባል የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው አንድ ወረቀት አምጪ። ምንም ይሁን። ያን ይዤ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ከራሴ ፈጥሬ ግን አልጽፍም።"

እንዲህ ያለ ወረቀት የት አለ? የሎጁ ሞተር ደረሰኝ የለው። ዓለምነው ማኅተም የለው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አመመኝና ቦርሳዬ ውስጥ ቅባቱን ፈለግሁ።


13.

ላስቲኩ አብሮ ወጣ።


14.

አቶ ቢያዝን የቅጣት ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ወስዶ አነበበው። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው።

"የሳር ማጨጃ ሞተር የተገጠመለት ሳይክል። ፔዳሉ ይሠራል። ሞተሩ ሲነካ ትኩስ ነው።"

ቀና አለ። "ማን ነው ይሄን የጻፈው?"

"ሳጅን ባንቺአምላክ።"

"ቅጣት ላይ እንዲህ ይጻፋል?"

"እሷ ትጽፋለች።"

ተነሥቶ ወጣ። ፔዳሉን በእጁ አዞረው። "አስነሺው" አለኝ። አስነሣሁት። ሁለት ደቂቃ ቆመን አዳመጥነው። ከዚያ ያ የተከበረ ሰው ጎንበስ ብሎ የእጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ አደረገና ቶሎ አነሣው።

"ትኩስ ነው" አለ።

ከሦስቱ ሳጥኖች ሥር በእጁ አራተኛ ሳጥን ሠራ። ከወረቀቱ ቃል በቃል ገለበጠ። ወደ አለቃው ይዞት ገባ። ብዙ ቆየ፤ በበሩ በኩል ሲከራከር ይሰማኛል። ሲወጣ ማኅተሙ አልደረቀም ነበር።

ስናደድበት የኖርኩት ወረቀት ነው። ሞተር ሳይክል ብላ ጽፋው ቢሆን ውሸት ነበር፤ አይረዳኝም። ሳይክል ብላ አዝናልኝ ጽፋው ቢሆን ውሸት ነበር፤ አይረዳኝም። በረዶዬ እየቀለጠ፣ ሾፌር እየሳቀባት፣ ቆማ አሰበችና ያየችውን ጻፈች።

ኋላ ጠየቅኋት። "ይሄን ቀን አውቀሽ ነው እንዴ?"

"ኧረ እትዬ አንጓች። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"


15.

ጾም የገባ ሰኞ። ጎህ።

ሁለት ቅርጫት ፊሌቶ፣ ያልቀለጠ በረዶ። ሰሌዳ፣ አለ። መንጃ ፈቃድ፣ አለ። ኢንሹራንስ፣ አለ። ሄልሜት፣ ከሻሹ በላይ።

ከሾላው ዛፍ ስደርስ እጄ ማጥፊያው ላይ ሄደ። የእጅ ልማድ ነው፤ ሰሌዳ መኖሩን እጅ አያውቅም። ጣቴን አንድ በአንድ አነሣሁት።

አላጠፋሁም።

አደባባዩን በሳር ማጨጃ ሞተር ጩኸት ሞላሁት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት አንገታቸውን አወጡ። የጸበሉ ሾፌር ጥሩምባ ነፋልኝ።

ሳጅን እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሣች።

ቆምኩ። ታውቀኛለች፤ አምስት ወር ሙሉ አይታኛለች። ቢሆንም መንጃ ፈቃዴን ተቀብላ ፊቴንና ፎቶዬን አስተያየች። የኢንሹራንሱን ቀን አነበበች። ዞራ ሰሌዳውን አየች፤ ብሎኑ መጥበቁን በጣቷ ሞከረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ጊዜ አቅፎኝ ነበር። እሷ ጓንቷን አወለቀችና የእጇን ጀርባ ሞተሩ ላይ አደረገች።

ትኩስ።

"ይለፉ፣ እትዬ አንጓች" አለችኝ። "ዓሣው ይበላሽብዎታል።"

ስነሣ በመስታወቴ ወደ ኋላ አየሁ። ከሾላው ዛፍ ሥር አምስት ወንዶች ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ፔዳል እየረገጡ፣ የሌለ ላብ እየጠረጉ ይመጣሉ። ሳጅን ባንቺአምላክ ጓንቷን አልመለሰችም። በእጇ እንደያዘች ትጠብቃቸዋለች።

አቶ ሰጠኝ ጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ገና በሩን እየከፈተ ነበር።


16.

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። ቅጹ ግን እስካሁን አላለቀም፤ ነገ መመለስ አለብኝ። የኔን ስምና ቀበሌ ሞልቻለሁ። የእሷንም ስም ጽፌያለሁ፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። የቀረው ሦስቱ መስመር ነው። አሥራ አምስት ቁጥር ጽፌ አሁንም ሦስት መስመር ላይ የማስቀምጠው አጣሁ።

አንተ አንብበሃል። ሴትም ከሆንሽ አንቺም። ሙሉልኝ።

ከሦስት መስመር አትለፍ። ያላየኸውን አትጨምር። ታነበዋለች።

ስለ ባለሙያው ያለዎት አስተያየት፦

______________________________

______________________________

______________________________